ስለ ቅባትና ስለ ንጣት

ድኻ ማለት ብቻውን አልበቃ ያላቸው አባቶቻችን «የነጣ ድኻ» ብለው ጨመሩበት። ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ ነገር ግን ንጣቱ ምን እንደ ሆነ ቆም ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። ንጣት ማለት በደጋ አገር ነፋስና ፀሓይ ቅባት ያላገኘ ቆዳ የሚያወጣው ዐመድ መሳይ መልክ ነው፤ በቅልጥምና በክርን፥ በተረከዝና በእጅ ጀርባ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ይታያል። እንግዲህ በአማርኛችን የድኽነት መጨረሻ የሚለካው በባዶ ጎተራ ወይም በተቀደደ ልብስ ሳይሆን ቅባት ባጣ ገላ ነው ማለት ነው። «ድኻ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት በገደለው» የተባለውም ከዚሁ የወጣ ነው። ሰው ሁሉ የሚስቅበት ተረት ቢሆንም፥ የቆዳ ሐኪም ቢሰማው የሚስቅ አይመስለንም፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

«ቅባት» የሚለው ቃል በጎጃም ምድር ሲነሣ የሊቃውንቱ የጥንት ክርክር ትዝ የሚለው አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። የዛሬው ነገራችን ከዚያ አይደርስም፤ ከማጀት ቅልና ከገበያ ጠርሙስ አያልፍም።

የደባይ ጥላት ግን ወረዳ ከተማ በሆነችው በቁይ የመንግሥት ሥራ ይዘን ስንኖር፥ ቀኑን በወንበር ላይ ተቀምጠን መዝገብ ስናገላብጥ እንውላለን። ወገባችንና ትከሻችን የሚናገረውን ለአንባቢ መግለጽ አያስፈልግም፤ ብዙው አንባቢያችን የወንበር ሰው ነውና ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል። ከባልደረቦቻችን አንዱ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ። በላዩ የቅጠል ሥዕል አለበት፤ የሕንድ አዩርቬዳ የዕፀዋት ዘይት እንደ ሆነና ገላን ለማሸት እንደሚያገለግል ተጽፎበታል። የገዛበትን ዋጋ ሲነግረን ግማሹ የክፍሉ ሰው «ይህ በእናትህ ቤት ስንት ቅቤ ይገዛ ነበር!» ብሎ ሣቀበት፤ ግማሹ ደግሞ ጥበብ ከወዴትም ቢመጣ ጥበብ ነው ብሎ ደገፈው። ክርክሩ የምሳውን ሰዓት ፈጅቶ ያለ ዳኛ ቀረ። እኛም ጉዳዩ ለሣቅ ብቻ የሚተው ስላልመሰለን፥ ያነበብነውንና የጠየቅነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

አዩርቬዳ ማለት በሳንስክሪት «የሕይወት ዕውቀት» ማለት ነው። ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፋቸው ለገላም ለመድኃኒትም የሚሆኑትን ቅባቶች በአራት ይከፍላቸዋል፤ እነርሱም የነጠረ ቅቤ፥ ዘይት፥ ሞራና መቅኒ ናቸው። ከዘይቶች ሁሉ በላይ ሰሊጥን ያከብራሉ፤ ዘይት የሚሉበት ታይላ የሚለው ቃላቸው እንኳ ቲላ ከሚለው ከሰሊጥ ስም የወጣ ነው። ሞቅ ባለ ዘይት ገላን ማሸት አብያንጋ ይባላል። የሰውን ጠባይ ቫታ፥ ፒታና ካፋ ብለው በሦስት ከፍለው፥ ደረቅና ብርዳም ለሆነው ሰው ሰሊጥን፥ ሙቀት ለበዛበት ኮኮናትን፥ ለከባዱና ለርጥቡ የሰናፍጭ ዘይትን የሚመርጡ አሉ። ይህ አከፋፈል የቆመው በፍልስፍናቸው ላይ ነው እንጂ በዘመናዊ ምርመራ ላይ አይደለም። ቢሆንም እኛ ደገኞች በእነርሱ ሚዛን ብንመዘን አብዛኞቻችን ከደረቁና ከብርዳሙ ወገን ሳንቈጠር አንቀርም።

ከሁሉ ይልቅ የማረከን የዘይቱ አዘገጃጀት ነው። አንድ እጅ የተወቀጠ ዕፅ፥ አራት እጅ ዘይትና ዐሥራ ስድስት እጅ ውሀ ወይም የዕፅ ጭማቂ በአንድነት ይጣድና ውሀው ሁሉ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ በዝግታ እሳት ይበስላል። ይህን ስናነብ የሕንድ አገር አልታየንም፤ የታየችን ቅቤ የምታነጥር የጎጃም ሴት ናት። እርሷም ኮሰረቱን፥ ኮረሪማውንና አብሹን ጨምራ፥ እሳቱን ቀንሳ፥ ዐረፋው ጠፍቶ መንጣጣቱን እስኪያቆም ትጠብቃለች። መንጣጣቱ የውሀው ድምፅ ነው፤ ድምፁ ሲጠፋ ውሀው ዐልቋል። ውሀ በሌለበት ቅባት ውስጥ የሚያበላሹት ተሐዋስያን ሊራቡ አይችሉምና ንጥሩ ለወራት ይቀመጣል። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱን ብልሃት አንዱ በመጽሐፍ፥ አንዱ በምድጃ ዳር ጠብቀውታል።

በቅባትም ቢሆን ሁለቱ አገሮች ባዕዶች አልነበሩም። ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ መምሪያ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ጥቂት የወይራ ዘይት እንደ ነበረ ይናገራል። እንደዚሁም ከሕንድ ወደቦች ተነሥተው ከባቡልመንደብ ወዲያ ባሉት የአፍሪቃ ቀንድ ገበያዎች የሚራገፉትን ሲቈጥር፥ ስንዴና ሩዝ፥ የጥጥ ልብስና የሸንኰራ ማር፥ ከእነዚህም ጋር ቅቤና የሰሊጥ ዘይት ይጠቅሳል። እንግዲህ የባልደረባችን ጠርሙስ አዲስ መጤ አይደለም፤ ቀደምቱ በመርከብ መጥተዋል።

የዘይቱ መንገድ ግን ወደ እኛ ብቻ አልነበረም። ኑግ የእኛው የደጋ ተወላጅ ነው፤ ከዚህ ወደ ሕንድ ተሻግሮ በዚያ ራምቲል ተብሎ ይዘራል። በመስከረም መጨረሻ ቢጫ አበባው የጎጃምን ማሳ ሲያለብሰው ያየ ሰው፥ ይህ ተክል ሌላ አገር ያስፈልገዋል ብሎ አያስብም። ኑጉ ይታመሳል፥ ይወቀጣል፥ በፍል ውሀ ይታሻል፤ ዘይቱም ከላይ ይሰፍፋል። ከመጭመቂያ ቤት የሚተርፈው ፋጉሎ ከብት ያደልባል። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ከዚህ ዘይት ጥቂት በመዳፋቸው አድርገው እጃቸውንና እግራቸውን ሲያብሱበት አይተናል፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ቅቤ በሌለበት ቀን ነበርና፥ የኑግ ዘይት የቅቤ ድኻ ዘመድ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ፍርዳችንን ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ኑግ ይህን ያህል መናቅ አይገባውም ነበር። የሰው ቆዳ ውሀውን አምቆ ተሐዋስያንን የሚከለክልበትን ሽፋን ለመሥራት ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት ዐይነት ይፈልጋል። በአገራችን የኑግ ዘይት ውስጥ ይህ ቅባት ከመቶው ከ70 እጅ በላይ ነው፤ በዚህም ከሱፍ አበባ ዘይት አያንስም። ብዙ ሰው ከሁሉ የሚያስበልጠው የወይራ ዘይት ግን በአብዛኛው የተሠራው ከሌላ የቅባት ዐይነት ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2013 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፥ ዐዋቂዎች የወይራ ዘይትን ለ4 ሳምንታት በየቀኑ ቢቀቡት የቆዳቸው ሽፋን እንደ ላላ፥ የሱፍ አበባ ዘይት ግን ሽፋኑን እንዳልጐዳ አሳይቷል። የውድነት ነገርና የጥቅም ነገር ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የኑግ ነውሩ ቶሎ መበላሸቱ ነው፤ ያው የሚጠቅመው ቅባት ከአየርና ከብርሃን ጋር አይስማማም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እየገዙ፥ በጠቈረ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው፥ ከምድጃ አርቀው ማስቀመጥ ይገባል። ምላስን የሚያሳክክ ወይም የአሮጌ ቀለም ሽታ ያመጣ እንደ ሆነ ለገላም ለወጥም አይሆንም።

ቅቤን በተመለከተ ወደ ገበያ መውረድ ነበረብን። በቁይ ገበያ በኰባ ቅጠል ጠቅልለው ከሚሸጡት እናቶች አንዷን፥ «እማማ፥ ይህ ለጋ ነው ወይስ ቈየት ያለ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «አፍንጫህን ለምን ተሸከምኸው፥ ልጄ?» አሉን። ቀጥሎም አዘኑልንና አስተማሩን። ጥፍር የምታህል ቅቤ በእጃችን ጀርባ ላይ አድርገው፥ «አታሸው፤ ዝም ብለህ ያዘው» አሉ። በገላችን ሙቀት ብቻ ቀልጦ ሲያብለጨልጭ፥ «ይኸ ከላሟ ነው፤ እንደ ሰም የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ከሱቅ ነው» አሉ። የሴትዮዋ ምርመራ ምክንያት አለው። የላም ቅቤ የሚቀልጠው ከሰው ገላ ሙቀት ጥቂት ባነሰ ሙቀት ነው፤ ሰዎች የሚደባልቁት የረጋ የአትክልት ቅባት ግን ብዙ ጊዜ ይበልጥ ሙቀት ይፈልጋል። ሙዝ ተደባልቆበት እንደ ሆነም ቀልጦ ሲያልቅ እንደ ሊጥ ያለ ነገር በቆዳ ላይ ይቀራል።

ለገላ የሚመረጠው ለጋው ነው። በሳሉ ቅቤ በወጥ ቤት ወዳጅ ቢኖረውም፥ በጠባብ ቢሮ ውስጥ ግን ባለቤቱ ከመድረሱ በፊት ሽታው ይደርሳል። ሴቶቻችን ለዚህ መላ አላቸው፤ አደሱን አድርቀው፥ ወቅጠውና ነፍተው ከለጋው ቅቤ ጋር ይለውሱታል፤ አሪቲም የሚጨምሩ አሉ። ይህን የተቀባች ሴት ባለፈችበት መንገድ የሚቀረውን መዓዛ ከባሕር ማዶ የመጣ ጠርሙስ እስከ ዛሬ አላስረሳንም።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። አዩርቬዳ የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይደለም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2004 በታተመ ጥናት፥ በአሜሪካ በቦስተን አካባቢ ከተሸጡት 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፥ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እነዚህ የሚዋጡ እንጂ የሚቀቡ አልነበሩም፤ ስለዚህ የሚታሹትን ዘይቶች በዚህ መኰነን ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን «ከዕፅ የተሠራ ስለ ሆነ አይጐዳም» የሚለውን የሻጮች ቃል ለማፍረስ ይበቃል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ቅባቶችን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር አድርጓቸዋልና፥ የሠሪው ስምና አገር፥ በውስጡ ያለው ነገር ዝርዝርና የሚያልቅበት ቀን ያልተጻፈበትን ጠርሙስ በመደርደሪያው መተው ነው። እኛ የባልደረባችንን ጠርሙስ ስናነብ፥ ከዝርዝሩ መጀመሪያ የተጻፈው የሰሊጥ ዘይት ሆኖ አገኘነው። ሰሊጡስ በሑመራና በመተማ ይበቅላል! የተቀረው ዕፅ በጣም ጥቂት ነበር። ባልደረባችን ይህን ሲሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፥ «ጠርሙሱ ግን ያምራል» አለ። ያምራልም።

ያም ሆነ ይህ፥ ማንኛውንም አዲስ ቅባት ገላን ሁሉ ከመቀባት በፊት በክንድ የውስጥ በኩል ጥቂት ቀብቶ እስከ ማግሥቱ መጠበቅ ነው፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይተዋል። ሲሞቅም በእሳት ላይ አይጣድም፤ ዕቃው በሙቅ ውሀ ውስጥ ይቀመጣል። ታሽቶ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ከቈየ በኋላ መታጠብ ይቻላል። ሕንዶች ትርፉን ዘይት በሽምብራ ዱቄት ያስለቅቁታል፤ በእኛ ቤት ግን የሽምብራው ዱቄት ሽሮ ይሆናልና ሳሙና ይበቃናል።

ስለ እጅ ሳንናገር ስለ ዘይት ብቻ ብንናገር ነገሩ ጐደሎ ይሆናል። ወገባችንን አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ዘንድ ወስደነው ነበር። ሽማግሌው ቅቤውን በመዳፋቸው አሙቀው፥ በአውራ ጣታቸው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ እየፈለጉ ቀስ ብለው አሹት። ከቅቤና ከጠርሙሱ ዘይት የትኛው እንደሚሻል ብንጠይቃቸው፥ «ቅቤው እጄ እንዳይዝ ነው እንጂ ሥራውስ የእጅ ነው» አሉን። ዘመናዊውም ዕውቀት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ መታሸት የወገብን ሕመም ለጥቂት ጊዜ ያስታግሣል፤ ዘይቱ የሚያደርገው ፍግፈጋውን ማቅለል ነው። ደግሞ ሲታሹ የሚያስነባ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ሽማግሌውም ይህን ያውቃሉ፤ ሲያመን እጃቸውን ያነሡ ነበር።

ነገር ግን መታሸት የማይገባው ገላ አለ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው አይታሽም። ስብራትን በቅቤ አሽቶ በቀርክሃ አጥብቆ ማሰር ደሙን አግዶ እግር ወይም እጅ እስከ ማስቈረጥ ማድረሱን የአገራችን ሐኪሞች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2005 ከአገራችን የወጣ አንድ ጽሑፍ ደግሞ፥ ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ትምህርት ይህን ጉዳት እንደ ቀነሰው አስታውቋል፤ ወጌሻን ከመንቀፍ ማስተማር የሚሻል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። የነፍሰ ጡርን ሆድ ማሸት፥ ትኩሳት ያለበትን ማሸት፥ በድንገት ያበጠንና የሚያምን አንድ ባት ማሸት አደጋ አለው፤ የመጨረሻው በደም ሥር የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚወሰደው።

ሕፃን ግን የቅባት ባለ መብት ነው። በየቤቱ ጨቅላውን በቅቤ አብሰው፥ እጅና እግሩን አፍታተው ጧት ፀሓይ የሚያሞቁትን እናቶች ማን ያላየ አለ! እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2005 ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ የወጣ ጥናት፥ ጊዜያቸው ሳይደርስ ተወልደው በሐኪም ቤት የተኙ ሕፃናት ገላቸው በሱፍ አበባ ዘይት ቢቀባ በሐኪም ቤት የሚይዛቸው ልክፍት በ41 ከመቶ እንደ ቀነሰ አረጋግጧል። ያን ጊዜ ነው «ንጣት በገደለው» የሚለው ተረት እውነቱ የገባን፤ ሽፋኑ የሳሳ ቆዳ በር እንደሌለው ቤት ነውና። ሆኖም ቅቤ ለገላ ነው፤ በአዲስ የተቈረጠ እትብት ላይ ቅቤ ማድረግ መንጋጋ ቈልፍን ሊጋብዝ ይችላል፤ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥም እንደዚሁ ጉዳት ነው፤ እስከ ስድስት ወር የእናቱ ጡት ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ከፊታችን የማይርቅ አንድ ሰው አለ። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ባለጉዳይ ነው፤ ሁለት እግሮቹ በዝሆኔ አብጠው ተረከዙ በስንጥቅ ተሞልቷል። ወደ ውስጥ እንዲገባና እንዲቀመጥ ብንለምነው፥ «ልቁም፤ ሽታው ያስቸግራችኋል» ብሎ ከበራፉ ቀረ። ይህ በሽታ በጎጃም ብርቅ አይደለም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ከ15 ዓመት በላይ ካለው ሕዝብ 3.3 ከመቶው እንደ ታመመ ቈጥሯል። ብዙ ሰው እርግማን ወይም የዘር ነውር አድርጎ ይቈጥረዋል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ግን በአገራችን ሲሠራ፥ ነገሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ እንደሚመጣ አስረድቷል። ደቃቁ አፈር በእግር ቆዳ ገብቶ የሰውነትን የፈሳሽ መስመር ይዘጋል። ቆዳው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ደግሞ ተሐዋስያን ይገቡበትና ሰውየውን በትኩሳትና በሕመም ለቀናት ያስተኙታል።

የሕክምናው ዘዴ ያስገርማል፤ በቢላዋ ወይም በውድ መርፌ አይጀምርም። እግርን በየቀኑ በሳሙናና በጣም ጥቂት በረኪና በገባበት ውሀ ማጠብ፥ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፥ ቫዝሊን መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለል፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ለ12 ወራት የተደረገና እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2018 የታተመ ምርመራ፥ ይህን የተማሩት ሰዎች ሕመሙ የሚነሣባቸው ጊዜ ካልተማሩት በአንድ አምስተኛ ያህል እንዳነሰ አሳይቷል። በ2017 የታተመ ሌላ የአገራችን ጥናት ደግሞ በመዘፍዘፊያው ውሀ ላይ ከመቶ ሁለት እጅ ግሊሰሪን ቢጨመርበት የእግሩ ቆዳ ይበልጥ እንደሚጠና አግኝቷል። ገላን ስለ ማለስለስ በየጠርሙሱ ከተጻፈው ሁሉ የሰውን ኑሮ ይህን ያህል የለወጠ አላገኘንም።

ያ ባለጉዳይ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ጫማ አድርጎ ነበር። ስለ እጥበቱ የተማረው ከጤና ባለሙያ ነው። «ሳሙናውም ጥሩ ነው፤ ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ቅባቱ ነው፤ ስንጥቁ ገጠመልኝ» አለን። ቫዝሊኑ ሲያልቅበት እስከሚቀጥለው ገበያ ምን እንደሚያደርግ ብንጠይቀው፥ ሚስቱ ያወጣችውን የኑግ ዘይት እንደሚቀባ ነገረን። ይህን ለጤና ባለሙያዋ ብናነሣባት፥ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ንጹሕና አዲስ ዘይት ከምንም ይሻላል፤ ክፍት ቍስል ላይ ግን አይደረግ፤ ቅቤም ዝንብና አቧራ ይጠራልና ለእንዲህ ያለው እግር ባይሆን ይመረጣል ብላ መለሰችልን። እርሱም የመጣበት ጉዳይ የመሬት ግብር ነበርና፥ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፥ ብሩን ቈጥሮ ከፍሎ፥ ደረሰኙን አጣጥፎ በኪሱ ከተተና ሄደ።